ልጆቻችን ከጓሮ ይለፉ

(ደሴ ላይ፣ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሰሞን፣ ለዓይነ ስውራን ልጆች ወላጆችና ለመምህራን ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው እንዳለ ነው የተጻፈው። ሳሌን ብቻ ነው የቀነስኩት።)

እንደምን ዋላችሁ? አሰላሙ ዓለይኩም!

ኧረ ይሄ የደሴ ሰው ሰላምታ አይደለም። እኔ እኮ የማያችሁ በድምፃችሁ ነው። ዝም ካላችሁኝ ለባዶ አዳራሽ ነው የማወራው። እስቲ እንደገና። እንደምን ዋላችሁ?

እሰይ! አሁን ሰው እንዳለ አወቅሁ። ከኋላም ሞልቷል። በግራ በኩል ደግሞ አንድ ሕፃን ያለቅሳል። እናቱ ይዘሽው ልትወጪ ነው መሰለኝ፣ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ። ቁጭ በይ እህቴ። ያልቅስ። የመጣነው ስለ ልጆች ልናወራ አይደል?

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ መምህራን፣ ሼሆቻችን፣ ቀሳውስቶቻችን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከፊት የተደረደራችሁ ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛው፣ ክረምት ለዓይነ ስውር ልጅ ምን ማለት ነው? ሁለተኛው፣ የክረምት ካምፕ የሚሉት ነገር ምንድን ነው? ሦስተኛው፣ እኛ እዚህ ወሎ ላይ በምን አቅማችን እናደርገዋለን? ወሬ እንደማበዛ ስለሚያውቁ ከጎኔ አንዲት መምህርት አስቀምጠዋል። ክንዴን አንዴ ከነካችኝ "አሳጥር" ነው። ሁለቴ ከነካችኝ "ውረድ" ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ተረት። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። "ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍ።"

ሳቁ እንጂ! ምን ያሳፍራል? እኔ በዚህ ተረት ያደግሁ ነኝ። ልጅ ሆኜ አኩርፌ "ጥዬላችሁ እሄዳለሁ" ስል ጎረቤት ሁሉ ይህንኑ ይተርትብኝ ነበር። ያኔ ስለ ዓይን የተተረተ ይመስለኝ ነበር። አድጌ ሳስበው ግን ስለ ጓሮ ነው። ሰውየው ከጓሮ ያላለፈው ዓይኑ ስለጠፋ ነው? ወይስ ከጓሮው ወዲያ ያለውን መንገድ ያሳየው ሰው ስላልነበረ ነው? ይህቺን ጥያቄ ያዙልኝ። እመለስባታለሁ።

ወደ አንደኛው።

እኔ የኩታበር ልጅ ነኝ። ዓይኔን ያጣሁት በስድስት ዓመቴ በኩፍኝ ነው። ኩፍኝ ቫይታሚን ኤ ያነሰው ልጅ ላይ ሲያርፍ ብሌኑን ይጎዳል። ይህን ያወቅሁት ተምሬ ነው። ያን ጊዜ ሰፈሩ ያለው "የሰው ዓይን በላው" ነው። የሰው ዓይን የእኔን ዓይን በላው! እና ምን ተደረገ? ጸበል ለጸበል ዞርን። እናንተም አላችሁ፣ ክረምቱን ሙሉ ልጃችሁን ይዛችሁ ጸበል የምትከርሙ፣ ዱዓ የምታስደርጉ። እኔ አልቃወምም። የሐምሌ ጸበል ግን እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

በኋላ ከወሎ ውጭ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ገባሁ። እዚያ እሮጣለሁ፣ እደባደባለሁ፣ ብሬል አነባለሁ፣ ልብሴን አጥባለሁ፣ አልጋዬን አነጥፋለሁ። ሰኔ መጨረሻ ላይ አባቴ መጥቶ ይወስደኛል። እናቴ በር ላይ አቅፋኝ ታለቅሳለች። ከዚያ እጄን ይዛ መደቡ ላይ ታስቀምጠኛለች። "እዚችው ሁን። ንቅንቅ እንዳትል።"

በቃ። እስከ መስከረም እዚያችው ነኝ።

እናቴ ክፉ እንዳትመስላችሁ። ሸጋ እናት ነበረች። እንቁላል ለኔ። ማር ለኔ። ከምድጃው አጠገብ ያለው ሞቃቱ ቦታ ለኔ። ሥራው ግን ለወንድሞቼ። ውሃ ቅዳ፣ እንጨት ልቀም፣ ከብት መልስ ሲባል ስሜ አይጠራም። እኔ የምቀናው ደግሞ በእንቁላሉ አልነበረም፣ በሥራው ነበር። አንድ ቀን እንኳ "አንተ ሰነፍ!" ብላ ብትሰድበኝ ደስ ባለኝ።

አንድ ቀን ገበያ ወጣች። ታላቅ ወንድሜ መጣና "ውረድ" አለኝ። ወረድኩ። መስክ ወሰደኝ። ከላሞቻችን አንዷ ቃጭል አላት። "እሷን ተከተል፣ ሌሎቹ እሷን ነው የሚከተሉት" ብሎኝ ጥሎኝ ሄደ። ሌላ ትምህርት አልሰጠኝም። እኔም ቃጭሉን ማጥናት ጀመርኩ። ቃጭሉ ቶሎ ቶሎ ሲል ቁልቁለት ነው። ቀስ እያለ አልፎ አልፎ ሲል እየጋጠች ነው። ጭጭ ሲል ተኝታ ታመሰኳለች። ሲርቅ መሮጥ ነው። ሮጥኩ። ጭቃ ላይ ሦስት ጊዜ ተዘረጋሁ። አንዴ እሾህ ውስጥ ገባሁ። ማታ እናቴ ልብሴን ዳበሰች፣ ጉልበቴን ዳበሰች፣ ወንድሜ ተገረፈ። እሱ እያለቀሰ ተኛ። እኔ ግን በዚያ ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ እግሬ ዝሎ፣ ሆዴ ርቦት፣ እንደ ሰው ደክሞኝ ተኛሁ።

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ስንቶቻችሁ ናችሁ ዘንድሮ ልጃችሁን መደብ ላይ ልታስቀምጡ የተዘጋጃችሁ? አትመልሱልኝ። ዝምታችሁን ሰምቼዋለሁ።

ስለ ዝናብም አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሚያይ ሰው የማያውቀው ነገር ነው። እናንተ ደሴ ላይ ጉም ሲወርድ ጦሳ ተራራ ይጠፋባችኋል፣ ከፊታችሁ ያለውን ባጃጅ አታዩም። ለእኔ ጉም ምንም አይደለም። የእኔ ጉም ቆርቆሮ ላይ የሚደበድበው ዝናብ ነው። እኔ ግድግዳ መቅረቡን፣ ሰው ማለፉን፣ መኪና መምጣቱን የማውቀው በጆሮዬ ነው። ዶፍ ሲወርድ ያ ሁሉ ይጠፋል። በበትሬ ጫፍ ላይ ጭቃ ይጣበቃል፣ አስፋልቱንና አፈሩን መለየት ያቅተዋል። ክፍት ቱቦው ደግሞ በውሃ ይሞላና መንገድ ይመስላል። እንግዲህ አንድ ልጅ በዚህ ክረምት ብቻውን መሄድ ካልተማረ መቼ ይማራል? በጥቅምት ደረቅ መሬት ላይማ ማንም ይሄዳል!

ብሬሉም አለ። ሁለት ወር ያልዳሰሰ ጣት ይደድራል። መምህራን ታውቁታላችሁ፤ ሰኔ ላይ ገጹን በፍጥነት የሚጨርስ ልጅ መስከረም ላይ መስመር ይጠፋዋል። ብሬል የሚጻፍበት ሰሌዳና መውጊያ፣ ስሌቱና ስታይለሱ፣ ክረምቱን ሙሉ ቆጥ ላይ ይከርማል።

እዚህ ላይ አንድ ቁጥር ልጥቀስ። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል። 3.7 በመቶው ደግሞ እይታው የደከመ ነው። እኛ "ጭላንጭል" የምንለው። ልብ በሉ፣ ጭላንጭሎቹ ከዓይነ ስውሮቹ ከእጥፍ በላይ ናቸው። ግን የት አሉ? ተደብቀዋል! "ይታየኛል" እያሉ ሰሌዳው ሳይታያቸው ከጓደኛ ይገለብጣሉ። ዕውር እንዳይባሉ ይወድቃሉ፣ ደደብ ይባላሉ። በዚያው ጥናት ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ የሞራ ነው፣ ሞራ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል። ስለዚህ ካምፕ የሚመጣ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ በዓይን ሐኪም ይታያል። የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም። መነጽር የሚበቃውን ልጅ ብሬል አስተምረን እንዳንሳሳት፣ ብሬል የሚያስፈልገውንም "ተጠግተህ አንብብ" እያልን አንገቱን እንዳናጎብጠው።

ሁለተኛው። ካምፕ ምንድን ነው?

ፈረንጁ "ሰመር ካምፕ" ይለዋል። የእነሱ ሰመር ፀሐይ ነው። በዚያው ወር እኛ ጋ በረዶ ይወርዳል። ስሙን ተዋስን እንጂ ፀሐዩን አልላኩልንም።

አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ናፓ በሚባል አገር ተራራ ላይ "ኢንቻንትድ ሂልስ" የሚባል ካምፕ አለ። እንደ ፈረንጆቹ በ1950 የመሠረተችው ሮዝ ሬዝኒክ ትባላለች። ዓይነ ስውር ነበረች። ፒያኖ ተጫዋች ነበረች። ልብ በሉ፣ የመሠረተላቸው አዛኝ ሀብታም አይደለም፤ ራሷ የማታይ ሴት ነበረች። ዓይነ ስውር ልጅ ጫካ ገብቶ ዛፍ መዳበስ፣ ፈረስ መጋለብ፣ መዋኘት አለበት አለች። በ2017 ሰደድ እሳት መጥቶ ብዙ ጎጆዎቹን በላው። እንደገና ሠሩት። ዛሬም አለ።

ሌላው ኒው ዮርክ ግዛት፣ ብሮክፖርት ላይ እንደ ፈረንጆቹ በ1996 የተጀመረው "ካምፕ አቢሊቲስ" ነው። ያስጀመረችው ሎረን ሊበርማን የምትባል የስፖርት መምህርት ናት። አንድ ሳምንት ነው። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ አሠልጣኝ አለው። ሩጫ፣ ዋና፣ ሁለት ሰው በሚነዳው ብስክሌት መሄድ፣ ጎልቦል።

ጎልቦል የሚለውን ስሰማ የታወሰኝ ምን መሰላችሁ? የላማችን ቃጭል! ኳሱ ሆዱ ውስጥ ቃጭል አለው። ሦስት ለሦስት ነው። የሁሉም ዓይን ይሸፈናል፣ ጭላንጭሉም ዓይነ ስውሩም እኩል እንዲሆን። ሜዳው 18 ሜትር በ9 ሜትር ነው። መስመሩ ሥር ሲባጎ አለ፣ ላዩ ላይ ፕላስተር ይለጠፋል፣ ተጫዋቹ በእግሩና በእጁ ዳብሶ ቦታውን ያውቃል። አንዱ ኳሱን መሬት ለመሬት ያንከባልላል፣ ሌሎቹ ድምፁን ሰምተው በጎናቸው ተዘርግተው ያስቆማሉ። ተመልካቹ ጭጭ ማለት አለበት። ወሎዬ ኳስ እያየ ጭጭ ይላል ወይ? እሱን አላውቅም። ጨዋታው እንደ ፈረንጆቹ በ1946 የተፈጠረው በጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች ነው። ከ1976 ጀምሮ ደግሞ የፓራሊምፒክ ውድድር ነው። ለወታደር ተሠርቶ ለልጅ ደረሰ።

አንዳንዶቻችሁ "ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው" እያላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። እስቲ ልጠይቃችሁ። ደረሳ ምንድን ነው? የቆሎ ተማሪ ምንድን ነው? ከእናት ከአባቱ ተለይቶ፣ አገር አቋርጦ፣ ጎጆ ሠርቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር የሚማር ልጅ አይደለም? ከነዚያ መካከል ስንት ዓይነ ስውር ነበር! ድጓውን፣ ቅኔውን በቃሉ ይዞ የኔታ የተባለ ዓይነ ስውር ያላየ ደብር አለ? ቁርኣንን በልቡ የያዘ ዓይነ ስውር ያላወቀ መስጊድ አለ? ማን ከጓሮ መለሳቸው?

ሼሆቻችን እዚህ ስላሉ ብሳሳት ያርሙኛል። ዓብደላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም ዓይነ ስውር ሶሐባ፣ የነቢዩ ባልደረባ ነው። የቁርኣኗ ምዕራፍ ሱረቱ ዓበሰ በእሱ ምክንያት ነው የወረደችው። መዲና ላይ ከቢላል ጋር አዛን ያደርግ ነበር። ነቢዩ ሰ.ዐ.ወ. ከመዲና ሲወጡ ከተማዋን ለእሱ አደራ ሰጥተው የወጡበት ጊዜ አለ። ከተማ! ቀሳውስቶቻችን ደግሞ በርጤሜዎስን ያውቁታል። መንገድ ዳር ተቀምጦ ሲጮህ ሰዉ "ዝም በል" አለው። እሱ አብዝቶ ጮኸ። ጌታም ሲጠራው ዝም ብሎ አልፈወሰውም። "ምን ላደርግልህ ትወዳለህ?" ብሎ ጠየቀው። ጠየቀው! እኛ ልጆቻችንን ጠይቀን እናውቃለን?

የእኛዋን ልጅም ልጥቀስ። የትነበርሽ ንጉሤ። ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጣች። ሻሸመኔ ወደ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተላከች። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረች፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2017 "ራይት ላይቭሊሁድ" የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ወሰደች። ዓይነ ስውር መሆኗ ከልጅነት ጋብቻ እንዳዳናት ራሷ በአደባባይ ተናግራለች። ከሳይንት እስከ ስቶክሆልም ስንት ጓሮ አለ?

ነካችኝ። አሳጥር አለች። እሺ።

ሦስተኛው። እኛ በምናችን?

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና ሦስት መምህራን 11 ልጆች ይዘን ሐይቅ አምስት ቀን ከርመናል። ከዚህ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቦታ ሊሰጠን ቃል የገባ አንድ ተቋም ነበር። በዋዜማው "አንዱ ቢወድቅብንስ?" ብሎ ተወን። አንድ ጡረተኛ አባት ሰምተው ግቢያቸውን ለቀቁልን። "እኔስ በየቀኑ እወድቅ የለ?" አሉ፣ ከዘራቸውን እያንኳኩ።

ምን ነበረን? ገመድ፣ ሲባጎ፣ ፕላስተር፣ አንድ ኳስና ብዙ ፌስታል። ኳሱን ፌስታል ውስጥ ከትተን እናስረዋለን፣ ሲንከባለል ይንኮሻኮሻል። ቃጭል የገባበት ኳስ መግዛት ለማንችል ይሄ የኛ ጎልቦል ነው። ፌስታሉ በየአሥር ደቂቃው ይቀደዳል። ይቀደድ! ጎረቤት ያሉ የሚያዩ ልጆች መጥተው አጥር ላይ ተንጠለጠሉ። "ግቡ፣ ግን ዓይናችሁ ይታሰራል" አልናቸው። ገቡ። ሰባት ለባዶ ተሸነፉ። በማግሥቱ ሊበቀሉ መጡ።

ለሩጫ በሁለት ባሕር ዛፎች መሃል ገመድ ወጠርን፣ ገመዱ ላይ የሸምበቆ ቁራጭ አስገባን። ልጁ ሸምበቆውን ይዞ እስከ ጥግ ይበራል። ማንም እጁን አይዘውም። አንድ ልጅ ነበር፣ 12 ዓመቱ። በሕይወቱ ሮጦ አያውቅም። መጀመሪያ ተራመደ። ሁለተኛ ፈጠን አለ። ሦስተኛ ላይ ሮጠ፤ ጫፍ ላይ ያሰርነውን ቋጠሮ ረስቶት በግንባሩ ዛፉን ሊያገኘው ሲል መምህሩ ቀለበው። ደነገጥን። እሱ ይስቃል! "ድገመኝ" አለ። እስከ ማታ ገመዱን አለቀቀም።

ማታ ማታ ከመኝታ ቤቱ በር እስከ ሽንት ቤት ሌላ ገመድ ነበር። ልጅ ሌሊት ሰው ሳይቀሰቅስ ደርሶ እንዲመለስ። ይህቺ ትንሽ ነገር ናት? ሌሊት እናቱን ላለመቀስቀስ ጠጥቶ የማይተኛ ልጅ እኔ ነበርኩ።

የመጀመሪያው ቀን ልጆቹን ግቢውን በበትር ዙሩ ብለን፣ እኔ አስተማሪው "ተከተሉኝ" ብዬ ወጣሁ። አሥር እርምጃ ሳልሄድ ቦይ ውስጥ ገባሁ። እስከ ጉልበቴ። 11 ልጆች ሳቁብኝ። ከዚያ ወዲያ መውደቅ የሚፈራ ልጅ አልነበረም፣ አስተማሪው ወድቋላ!

ሐይቁ ዳር ደግሞ ጠዋት ተቀምጠን እናዳምጣለን። የእስጢፋኖስ ገዳም ደወል ከአንድ በኩል፣ አዛኑ ከሌላ በኩል ይመጣል። ልጆቹ በሁለቱ ድምፅ መሃል አቅጣጫ መያዝ ተማሩ። "ደወሉን በግራ ጆሮህ፣ አዛኑን በቀኝ ጆሮህ አድርገህ ሂድ፣ ቤት ትደርሳለህ።" ወሎ ላይ ብቻ የሚሠራ ካርታ ነው!

ስለ አንዲት ልጅ ልንገራችሁና ላብቃ። 14 ዓመቷ ነው፣ ከወረኢሉ በኩል የመጣች። እሳት ነክታ አታውቅም። "ትቃጠላለች" ብለው ከጓዳ አባረዋት ያደገች ናት። ሦስተኛው ቀን ላይ "ቡና እኔ ላፍላ" አለች። አብራን የነበረችው መምህርት አጠገቧ ቁጭ አለች፣ እጇን ግን አልያዘችም። ልጅቷ ቡናውን ቆላች። መድረሱን በመዓዛው አወቀች፣ ሲፈነዳም ሰማችው። ጀበናው ሲንፈቀፈቅ አወጣችው። መቅዳቱ ነበር ጭንቁ። አውራ ጣቷን ስኒው ከንፈር ላይ አሳረፈች። ቡናው ሲወርድ ድምፁ መጀመሪያ ወፍራም ነው፣ ስኒው ሲሞላ ይቀጥናል። እሷ እሱን እያዳመጠች ነው። የመጀመሪያው ስኒ ፈሰሰ። ሁለተኛው ጎደለ። ሦስተኛው ልክ ሆነ። አወል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሦስቱንም ቀዳች።

በአምስተኛው ቀን ወላጆች መጡ። እናትየዋ ገና ከበሩ ሳትገባ "ልጄ የታለች?" እያለች ነው። ልጅቷ ከረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ስኒውን ቀድታ፣ በሁለት እጇ ይዛ፣ ወደ እናቷ ድምፅ ዘረጋችው። "እማ፣ ጀባ።" ስኒው ሲንቀጠቀጥ እሰማ ነበር። ግን በልጅቷ እጅ ላይ አልነበረም የሚንቀጠቀጠው። እናቷ ተቀብላው ነው።

...ውሃ አምጡልኝ እስቲ።

እሺ። ሁለት ጠንካራ ነገር ልናገር። አንደኛ፣ ደኅንነት። በተለይ ሴት ልጆቻችን። የማታይ ልጅ ላይ ክፉ ሰው "ማን እንደሆንኩ አታውቅም" ብሎ ይደፍራል። ስለዚህ ሴቶች ሴት አሳዳሪ ይኖራቸዋል፣ መኝታቸው ለብቻ ነው፣ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል፣ ማንም አዋቂ ከልጅ ጋር ብቻውን ዘግቶ አይቀመጥም። ልጆቹም "አትንካኝ" ብሎ መጮህ ይማራሉ። ውሃ ዳር ያለ ላይፍ ጃኬት አንድም ልጅ አይቀርብም። ይህ አይደራደሩበትም። ይህን የማያሟላ ካምፕ ቢጠራችሁ፣ እኔም ብጠራችሁ፣ ልጃችሁን አትስጡ።

ሁለተኛ፣ ካሜራ። ያኔ አንድ ድርጅት ሰምቶ መጣ። ዳቦ አደለ፣ ልጆቹን አሰልፎ ፎቶ አነሳ፣ ሄደ። የፎቶው ግማሽ እንባ ነው ይባላል። ልጆቹ እኮ ያን ሰዓት እየተጫወቱ ነበር! ጨዋታውን አስቁሞ ነው ያሰለፋቸው። ገንዘብ የሚሰጥ ካለ እግዚአብሔር ይስጠው፣ አላህ ይጨምርለት። የምንለምነው ግን ምጽዋት አይደለም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 30 ላይ ጨዋታና ስፖርት ለአካል ጉዳተኛ ልጆችም እንደማንኛውም ልጅ ነው ይላል። ጨዋታ በሕግ ተጽፎልናል ማለት ነው። እናቴ ይህን ብትሰማ ምን ትል ነበር?

ዘንድሮ መንገዱ ሰላም ከሆነ ነሐሴ ላይ አሥር ቀን አስበናል። እዚያው ሐይቅ። የሚያዩ ወንድምና እህቶችም ይመጣሉ፣ ቤት ሲመለሱ "ውረድ" የሚሉት እነሱ ናቸውና። ወላጆች ለሁለት ቀን ትመጡና ብሬል ትማራላችሁ። አዎ፣ እናንተ! የልጃችሁን ስም በጣታችሁ ሳታነቡ አትሄዱም።

ሁለቴ ነካችኝ። ወረድኩ፣ ወረድኩ።

የሚያስፈልገው፦ የዝናብ ልብስ፣ ቦቲ ጫማ፣ ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ ብርድ ልብስ፣ በትር ያለው በትሩን። ጭላንጭል ያላቸው ኮፍያ ይያዙ። ልጆች፣ ሻንጣችሁን እናታችሁ አትክተትላችሁ። ራሳችሁ ክተቱ፣ ምን የት እንዳለ እንድታውቁት። ስም የምትመዘግበው መምህርት በሩ አጠገብ ናት።

አሁን ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ። እጃችሁን አውጥታችሁ ብቻ እንዳትጠብቁኝ እንጂ፤ እስከ ማታ ብታወጡት አላየውም። ድምፃችሁን አውጡ።